የእህቴ የልደት ዓመት

እህቴ በግራ ጆሮዋ አትሰማም። አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል እሆናለሁ። ባጃጅ ስንሳፈር እሷ የግራውን ጥግ ትይዝና እኔን በቀኟ ታስቀምጠኛለች። ማንም አላስተማረንም፤ ከተመለሰች በኋላ በራሱ የመጣ ልማድ ነው። ሰው ከግራዋ ሲያናግራት ስለማትመልስ ኩሩ ናት የሚሏት አሉ። አላርማቸውም። ለማረም ከመጀመሪያው ጀምሮ መናገር ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ንግግር አይሆንልኝም። መጻፍ ይሻለኛል።

ወላጆቻችን ወለጋ፣ አንገር ጉቲን ናቸው። አያቶቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ቆላው ላይ የወረዱ ሰዎች ነበሩ፤ እዚያው በቆሎና ሰሊጥ እያረሱ ልጅ ወለዱ፣ ልጅ ዳሩ። በቤታችን የሚነገረው አማርኛ እስካሁን የወሎ ነው። እናቴ ዋጋ ስትከራከር በኦሮምኛ ነው፤ ስትመርቅና ስታዝን ግን በአማርኛ።

እኔ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ነቀምቴ ወጣሁ። የሞባይል ጥገና የተማርኩት አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ በማየት፣ ቀጥሎ የተጣሉ ስልኮችን በመፍታት፣ የቀረውን ደግሞ በማንበብ ነው። አሁን የምሠራበት ሱቅ ባለቤት ቀልደኛ ነው። ደንበኛ ጠይቆኝ ራሴን ብቻ ስነቀንቅ ካየ «ይቅርታ፣ የዚህ ልጅ ስፒከሩ ተቃጥሏል። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ታገሡት» ይላል።

የምኖረው ባኬ ጃማ ሰፈር ነው፤ ባላቸው በሞቱባቸው በአንዲት ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ። አዴ እላቸዋለሁ፤ በእኛ ከተማ ትልቅ ሴት በክብር የምትጠራው እንዲህ ነው። ቸርች ሳይሄዱ የሚያልፍ እሑድ የላቸውም፤ እኛ ደግሞ ሙስሊሞች ነን። ይህ በመሐላችን ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። እህቴ እኔ ጋ መጥታ እንድትማር የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። በአገራችን በኩል መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ትምህርት ቤቱም እንደ መንገዱ ሆኖ ነበር። አዴ «ኢንታላ ኮ» ብለው ተቀበሏት፤ ልጄ ማለት ነው። ከእኔ ክፍል አጠገብ ያለችውን ጠባብ ማጀት አጽድተው ሰጧት። ሰባተኛን እዚሁ ጨርሳ ስምንተኛ ገባች።

ስልኳን አባታችን ነው የገዛላት፣ ከሰሊጡ በኋላ። ያገለገለ ስልክ ነበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ። ለእናታችን ድምፅ እንድታሰማ ነበር የታሰበው። ኢንተርኔት በወለጋ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በተመለሰ ሰሞን ግን ከተማው ሁሉ ስልኩ ላይ ወደቀ። እህቴም እንደ ክፍል ጓደኞቿ አካውንት ልትከፍት ፈለገች። መተግበሪያው የልደት ቀን ሲጠይቃት እናታችን ጋ ደወለች። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። እናታችን እንደ ልማዷ ነገሩን ከሩቅ ጀመረችው፤ ሚሌኒየሙ ተከብሮ፣ ዓመቱ ዞሮ፣ በቆሎው ሲፈለፈል ነው የወለድኩሽ፣ አባትሽ ማዳበሪያ ላይ ነበር እህል የሚሰፍረው፣ እኔን ምጥ ሲይዘኝ ከነቁናው ጥሎት መጣ። እህቴ እየሳቀች አዳመጠች። ከዚያ ሁለት ሺህ አንድ ብላ ጻፈች። እንደተነገራት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ከተመለሰች ወዲህ፣ አካውንቷን ሱቅ ውስጥ ከፍቼ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ሳነብ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የማውቀው አንድ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ መውጣቷን ብቻ ነው። ማታ አልመጣችም። አዴ ማጀቷን ሲያዩ መጻሕፍቷ ፍራሽ ስር ተደርድረዋል። ቦርሳውን ይዛ የሄደችው ለመጽሐፍ አልነበረም።

እናቴ ከአንገር ጉቲን በአይሱዙ ጋቢና መጣች። አቧራው ሽፋሽፍቷ ላይ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ አብረን ሄድን። የተቀበለን መርማሪ ጨዋ ሰው ነው፤ ለእናቴ ወንበሩን ለቀቀላት። የክፍል ጓደኞቿ ስለሚጽፍላት ሰው ነግረውን ስለነበር መርማሪው የሰውየውን ስም ጠየቀን። የምናውቀው የገጹን ስም ነው፤ የበጎ አድራጎት ማኅበር የሚመስል ስም። ፎቶውም የሰው አልነበረም፣ የአበባ ነበር። ከገጹ ጀርባ ያለውን ሰው የሚያውቀው ኩባንያው ብቻ ነው። መርማሪው ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ እንደሚጻፍ፣ ከዚያም ወደ ውጭ እንደሚላክ አስረዳን። ኩባንያው እዚህ ቢሮ እንደሌለው፣ ወኪልም እንደማያውቁለት ጭምር ነገረን። እናቴ ሄዳችሁ አታንኳኩም ወይ አለችው።

«እማማ፣ በር የሌለውን ቤት በምን ላንኳኳ?» አላት። አላሾፈም። ደክሞት ነበር።

እኔም ከሱቅ ሆኜ ገጹን ለኩባንያው አመለከትኩ። መተግበሪያው ውስጥ ለዚህ የተሠራ ቦታ አለ፤ ትጫናለህ፣ ምክንያት ትመርጣለህ፣ ትልካለህ። መልስ ቶሎ መጣ፤ በማሽን የተተረጎመ አማርኛ ነበር። ገጹን መርምረነዋል፣ ደንባችንን የሚጥስ ነገር አላገኘንም የሚል። ደግሜ ላክሁ። ያው መልስ መጣ። ባለሱቁ ሌሎች ሱቆች ያሉ ልጆችን ሁሉ አስተባብሮ አስላከ። መልሱ አልተለወጠም። በኋላ ገጹ በራሱ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ያው አበባ በሌላ ስም መጣ።

እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰችው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። አዲስ አበባ ተመላሾችን ከሚቀበል መጠለያ ደውለው አስረከቡኝ። የወሰዷት ደላሎች ያዘጋጁላት ፓስፖርት የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ያደርጋት እንደነበር የሰማሁት እዚያ ነው። ፓስፖርቱ አሠሪዎቿ ጋ ቀርቷል። ጣቶቿ በፅዳት ኬሚካል ተበልተው ቆዳቸው እንደ ቀጭን ወረቀት ያብለጨልጭ ነበር። ጆሮዋን የመታቻት የቤቱ እመቤት ናት። ሌላውን አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኋትም። በሚኒባስ ስንመለስ ባኮ ላይ ለምሳ ወረድን። የበላነው ሽሮ ነው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ብድግ ብላ አነሳችው፤ ልታጥብ። አስተናጋጇ ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔ ሳህኑን ቀስ ብዬ ከእጇ ወሰድኩት።

ሰፈሩ ዝም ብሎ አልተቀበላትም። ቁርጥ ያለ ክፋት አልነበረም፤ ወሬ ነበር። ዕድሜዋን ዋሽታ ነው የሄደች፣ ትልቅ ነኝ ብላ ጽፋለች፣ ገንዘብ አምሯት ነው ይባላል። ቧንቧ ላይ አንዲት ሴት ይህንኑ ለአዴ ስታወራላቸው፣ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው «የአንቺስ ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው? እስኪ ነገ ሸኚያት» አሏት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው ላይ በፊታቸው አልተወራም። ከጀርባቸው ግን ይወራል።

ጠበቃዋን ያገኘናት በእሳቸው በኩል ነው፤ የቸርቻቸው አባል የሆነች ተማሪ ናት የጠቆመቻቸው። ጠበቃዋ ከሸዋ የመጣች የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርት ናት፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች ክፍል አቅም ለሌላቸው በነፃ ታማክራለች። ፍጥነት የላትም፣ ያንን ወደድኩላት። እህቴ ከግራዋ ስትጠየቅ እንደማትመልስ ሲገባት፣ ምንም ሳትናገር ወንበሯን አንስታ በቀኟ በኩል ተቀመጠች።

ያኔ ነው ነገሩን የነገረችን። እንደ እህቴ በዚህ መንገድ የተወሰዱ የብዙ አገር ልጆችን ጉዳይ የሚያሰባስቡ ጠበቆች ውጭ አገር አሉ። ደላሎቹን አይደለም የሚከስሱት፤ ኩባንያውን ነው፣ በራሱ አገር ፍርድ ቤት። እህቴም ከልጆቹ ጋር ልትቆጠር ትችላለች። ክሱ ከሠመረ ኩባንያው ከገጹ ጀርባ ያለውን ሰው ማንነት ሊያወጣ ይገደዳል፣ ለደረሰባትም ይጠየቃል። ዋናው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ በጊዜው ልጅ መሆኗ።

እናቴ በዚህ አልተቸገረችም። ልጅ መሆኗን ማን ይጠራጠራል? የቸገራት ሌላ ነበር።

«ልጄን የወሰዳት ሰውየው ነው። ኩባንያው ምን አረገ?» አለች።

ጠበቃዋ ኩባንያው ራሱ የሚለውም ይህንኑ መሆኑን አስረዳቻት። እኛ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነን፣ ሰው በለጠፈው አንጠየቅም ይላሉ። ይህንን የሚደግፍላቸው ሕግ በአገራቸው አለ፤ ለዓመታት ከብዙ ክስ አድኗቸዋል። አሁን ግን ጠበቆቹ ሌላ ነገር ነው የሚጠይቁት፤ ለተለጠፈው ሳይሆን ሰሌዳው ራሱ ላደረገው።

«ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይቆማል፣ የፈለገ ሄዶ ያነባል። ሰውን ቤት ድረስ ተከትሎ ማታ ማታ አልጋ ላይ የሚያነብለት ሰሌዳ አለ?» አለቻት።

እናቴ አሰበችበት። «ይሄስ ሰሌዳ አይደለም፤ ደላላ ነው እኮን» አለች።

የእኔ ድርሻ አካውንቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማውጣት ነበር። ፓስወርዷን እህቴ አልረሳችውም፤ የእናታችን ስምና የወንዛችን ስም ነው። ስክሪንሾት እያደረግሁ በቅደም ተከተል አስቀመጥኩ። ይህ ሥራ ይስማማኛል። ስልክ ስፈታም ብሎኖቹን በወጡበት ቅርፅ ጠረጴዛው ላይ እደረድራለሁ፤ እንደዚያ ካልሆነ መልሼ አልገጥምም።

ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው፣ ገጹን እህቴ ፈልጋው አታውቅም። የፈለገቻቸው ነገሮች ዝርዝር እዚያው አለ፤ የመንዙማ ቪዲዮ፣ የፀጉር አሠራር፣ የሒሳብ ጥያቄ። ገጹን ያቀረበላት መተግበሪያው ነው። በዩኒፎርም የተነሳችበትን ፎቶ ለጥፋ ነበር፤ ከስሩ ጓደኞቿ ስለ ሚኒስትሪ ፈተና ይጯጯሃሉ። ከዚያ ወዲህ መተግበሪያው የስምንተኛ ክፍል ፈተና መልመጃ የሚያወጡ ገጾችን ሳትጠይቀው ያመጣላት ጀመር። አንድ የፈተና ጥያቄ፣ ቀጥሎ የአበባው ገጽ የአረብ አገር ሥራ፣ እንደገና የፈተና ጥያቄ። ተከታትለው።

ሁለተኛው የሰውየው መልእክት ነበር። የመጀመሪያው ስለ ሥራ አልነበረም። «እህቴ፣ ፈተናው እንዴት ነው? አይዞሽ» ይላል። እሷ ዝናቡ ሲጥል የክፍላቸው ጣሪያ ስለሚያፈስ መምህራቸው የሚሉት እንደማይሰማ ጽፋለታለች። እሱ እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት ብሏታል። የሥራው ወሬ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ፣ በቀን፣ ሰው እየገባ እየወጣ ነው። ባለሱቁ ፊቴን አይቶ ቻርጀር ሊገዛ የመጣውን ሰው ራሱ አስተናገደልኝ፤ ቀልድም አልጨመረበትም።

ሁሉንም ለጠበቃዋ ሰጠኋት፣ እሷም ላከችው። ከዚያ መጠበቅ ነው። እናቴ ወደ አገሯ ተመልሳ በቆሎዋን ሸለቀቀች። እህቴ ትምህርት ቤት ለመመለስ አልፈለገችም፤ የቀድሞ ጓደኞቿ ቀድመዋታል፣ ከትንንሾች ጋር መቀመጥ አልወደደችም። ቀን ቀን ሱቅ ትመጣና ከእኔ በስተግራ ትቀመጣለች። ስክሪን መለጠፍ ለመደች። ጣቶቿ ስሜታቸው ስለተጎዳ ሙጫው ሲያቃጥላት አይታወቃትም፤ ስለዚህ ሙጫውን እኔ እቀባለሁ፣ እሷ ትለጥፋለች።

መልስ መጣ ብላ ጠበቃዋ ስትጠራን እናቴ ዳግመኛ መጣች። አራታችንም ሄድን፤ እናቴ፣ አዴ፣ እህቴና እኔ። ጠበቃዋ ላፕቶፗን ወደ እኛ አዞረችው፤ እንግሊዝኛ ስለሆነ ግን እሷው ነበረች የምትተረጉመው። የኩባንያው ጠበቆች ስለ ሰውየውም፣ ስለ ገጹም፣ ስለ ፈተናው ጥያቄም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያሉት አጭር ነው። ይህች ተጠቃሚ አካውንቱን ስትከፍት ለአካለ መጠን የደረሰች መሆኗን በራሷ እጅ አረጋግጣለች። በመዝገባችን የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ለልጆች ያዘጋጀነው ጥበቃ እሷን አይመለከትም፤ እንግዳ ሰው ሊጽፍላት የቻለውም፣ የውጭ አገር የሥራ ማስታወቂያ የደረሳትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አዴ ወደ መሬት አዩ። የቧንቧው ወሬ ከዚያ ሩቅ አገር ዞሮ በወረቀት የመጣ መሰለኝ። እህቴ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች።

እናቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «ምን ብላ ጻፈች?» አለች።

ጠበቃዋ ዓመቱን አነበበችላት፤ ሁለት ሺህ አንድ።

«ታዲያ ልክ ነው» አለች እናቴ። «እሱ ነው። በቆሎው ሲፈለፈል።»

ጠበቃዋ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ነው የገባን፤ ማንኛችንም ሌላውን መቅደም አላስፈለገንም። የእኛ ሁለት ሺህ አንድ በነሱ ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ በቆሎ የሚፈለፈለው ከታኅሣሥ ከዘለቀ ደግሞ ዘጠኝ። መተግበሪያው በማን አቆጣጠር ብሎ አይጠይቅም። ቦታው ባዶ ነው፣ ሰው የሚያውቀውን ዓመት ይሞላል። ይህን ከተማ ዞሬ ብጠይቅ፣ እንደ እህቴ የጻፈው ከዚያ ውጭ ከጻፈው ይበልጣል። ጠበቃዋ የራሷን ስልክ አውጥታ የልደት ዓመቷን አየች። ከዚያ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እኔንም አስረጅቶኛል» አለች። ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። ቀኑ የሚያስቅ ስላልሆነ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ ቢሆን አዴ የሚስቁበት ነገር ነበር።

ለእናቴ አስረዳናት። ጊዜ ወሰደ። የእነሱ ዓመት የእኛን በሰባት በስምንት ዓመት እንደሚቀድም፤ ስለዚህ የእኛን ቁጥር በነሱ ሲያነቡት ሰው ሳይኖር እንደሚያረጅ። እናቴ በጣቷ ቆጠረችው። ሲገባት ወደ ጠበቃዋ ሳይሆን ወደ እህቴ ነው የዞረችው።

እህቴ ሻርፗን አወረደች። በዚያ ክፍል ውስጥ እስከዚያ ቀን በገዛ ፈቃዷ የተናገረችው ነገር አልነበረም።

«አልዋሸሁም» አለች። ለእናቴ አልነበረም፤ ላፕቶፑን እያየች ነው። ቀጥላ «እናቴን ጠይቄ ነው የጻፍኩት» አለች።

አዴ ሁለት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። «ዋቀዮ ሰምቷል፤ እኔም ሰምቻለሁ» አሉ፣ ፈጣሪን በኦሮምኛ ጠርተው፤ በዚያኑ ሳምንት ቧንቧ ላይ ለሰማም ላልሰማም ሁሉንም አንድ በአንድ እንደነገሩ ከጎረቤት ሰምቻለሁ።

ጠበቃዋ ነገሩ በማስረዳት የሚስተካከል መስሏት ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር። የዘመን አቆጣጠሩን የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጀች፤ የክትባት ካርዷን፣ የትምህርት ቤት ማስረጃዋን አያይዛ ላከች። ልጅነቷን መተግበሪያው ራሱ ያውቅ እንደነበርም ጻፈች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ላለፋት ሴት የስምንተኛ ክፍል ፈተና መልመጃ በየቀኑ የሚያቀርብ ማነው? መርጦ ሲያቀርብላት ልጅ፣ ሲጠየቅባት ትልቅ ልትሆን አትችልም ብላ ጻፈች። ያንን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አንብባልኝ ነበር። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ የተሻለ አላውቅም።

በጎን ደግሞ እኔና እህቴ አካውንቱ ላይ ያለውን ዓመት ለማስተካከል ሞከርን። መተግበሪያው የልደት ዓመት ለመለወጥ መታወቂያ ይጠይቃል። ቀበሌ ዕድሜዋ ሳይደርስ መታወቂያ አይሰጣትም። ያለን የትምህርት ቤት ካርዷ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ፎቶዋም አለበት። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ሳይጥል፣ ፊደሉ እንዲነበብ አድርጌ አነሳሁት። ላክነው። መልሱ ወዲያው መጣ። የላካችሁት ሰነድ ላይ ያለው ዓመት ከመዝገባችን ጋር ይስማማል፤ የሚለወጥ ነገር የለም።

ትክክል ነው። ካርዱ ላይም ሁለት ሺህ አንድ ነው ያለው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊም እንደ እናቴ እውነቱን ነው የጻፈው።

መልሱን ደጋግሜ አነበብኩት። በሥራዬ ብዙ የተበላሸ ነገር አያለሁ፤ ውሃ የገባበት፣ የተቃጠለ፣ ጎማ የሄደበት። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። የተሰበረ ነገር የለውም። ሁሉም በየቦታው ነው፤ እውነቱን ባስገባህ ቁጥር ያንኑ ውሸት ይመልስልሃል።

ከውጭ አገር ጠበቆቹ የመጨረሻው ቃል የደረሰን ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጠበቃዋ ቢሮዋ አልጠራችንም፤ ራሷ ባኬ ጃማ መጣች፣ ጭቃውን እየዘለለች። አዴ ሳሎን ተቀመጥን። እናቴ በስልክ ነበረች፣ ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠነው። ጠበቃዋ አልሸፋፈነችም። ጠበቆቹ ማብራሪያውን አምነዋል፤ ችግሩ ሌላ ነው። ኩባንያው የእህቴን ጉዳይ ይዞ ሁሉንም ልጆች ዕድሜያቸውን ዋሽተዋል ሊል ነው፣ በእሷ አቆጣጠር ላይ ክርክሩ ወራት ይወስዳል፣ የሌሎቹም ጉዳይ አብሮ ይጎተታል። ስለዚህ በመዝገብ ትልቅ ተብለው የተጻፉትን ለይተው ለሌላ ጊዜ አቆይተዋቸዋል። ውድቅ አልተደረጉም። ቆይተዋል ነው የሚባለው።

ከስልኩ የእናቴ ድምፅ መጣ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር።

«እስከዚያስ ምንድን ናት? ልጅ ናት ትልቅ?»

ጠበቃዋ እህቴን አየቻት። እህቴ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አዘንብላ ነበር።

«በነሱ መዝገብ ትልቅ ናት» አለች ጠበቃዋ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎን አዴ «ሄሎ፣ ሄሎ» አሉ። አልተቋረጠም። በኋላ «አብሽሪ ልጄ» ስትል ሰማናት። በወሎኛ አይዞሽ ማለት ነው። ለእህቴ ይሁን ለጠበቃዋ አላወቅንም፤ ሁለቱም «እሺ» አሉ።

ጠበቃዋ አሁንም ትጽፋለች። አንዳንዴ ሱቅ ብቅ ትልና ምንም የተለወጠ ነገር እንደሌለ ነግራን ትሄዳለች። አለመቅረቷን አከብርላታለሁ። አበባው ደግሞ ሌላ ስም አውጥቷል። ባየሁት ቁጥር አመለክታለሁ፣ ደንባችንን አይጥስም ይሉኛል።

ባለፈው ሰሞን፣ ትምህርት ቤት እንደተለቀቀ፣ አንዲት ተማሪ ሱቅ ገባች። ስድስተኛ ክፍል ትሆናለች፤ ዩኒፎርሟ ሰፊ ነው፣ እንድታድግበት የተገዛ። የእናቷን ስልክ ይዛለች፤ አካውንት ልትከፍት ፈልጋ ኢንተርኔቱ አልሠራ ብሏታል። እኔ የሰው ስልክ ፈትቼ እጄ ተይዞ ስለነበር እህቴ ተቀበለቻት። ኢንተርኔቱን አስተካከለችላትና ስልኩን መለሰችላት። ልጅቷ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፋ መሙላት ጀመረች፣ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ እያለች። የልደት ዓመት ላይ ስትደርስ እህቴ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ በኛ ነው በነሱ?» አለቻት።

ልጅቷ አልገባትም። እህቴ ቀስ ብላ አስረዳቻት፤ እኔ ለእናቴ ካስረዳሁት በጥቂት ቃል፣ በኦሮምኛ። ዓመቱን አስተካክላ አሳየቻት። ልጅቷ ቆጠረች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ፈጣን ናት።

«እንዲህ ከሆነማ ትንሽ ነሽ ብሎ አያስገባኝም» አለች። «ጓደኞቼን ሁሉ እኮ በዚያኛው ነው ያስገባቸው።» የመጀመሪያውን ዓመት ልትመልስ ጣቷን ዘረጋች።

እህቴ ስልኩን ከባንኮኒው ላይ አነሳችው። ቀና ብዬ አየኋት። ያን የሚያብለጨልጭ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ሸፍናዋለች። አልተቆጣችም። ድምፅዋም እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነው።

«አያስገባሽ» አለቻት።